ትንፋሽ ያሳጣሁት ክላርኔት

አንድን ነገር ለሰው ሁሉ አጥርታችሁ አስረድታችሁ፣ የተጠራጠረውን ሰው በሰው ፊት አርማችሁ፣ ከወራት በኋላ የተሳሳታችሁት እናንተ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ለብቻችሁ ስትሆኑ እንኳ ፊታችሁን የሚያግል፣ መንገድ ላይ ድንገት ትዝ ሲላችሁ ቀጥ የሚያደርግ ዓይነት ስሕተት ደርሶባችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ። የሠራሁት ሐይቅ ከተማ ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ ሲሆን ነገሩ የመጣው በአንድ የጃዝ ሸክላ ነው። በቅደም ተከተል እናገራለሁ። ቅደም ተከተል የምወድ ሰው ነኝ፤ ጥፋቱም ከዚሁ ጠባዬ የመጣ ነው።

ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር። ጠዋት ጠዋት ልጆችን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለነበር ለጎልማሶች ፊደልና ቁጥር አስቆጥራለሁ። ጠመኔዎቼን በቀለም ለይቼ በሦስት ቆርቆሮ ነበር የማስቀምጠው። የስም መጥሪያዬ ላይ ስርዝ ድልዝ አልነበረም። አንድ ሰው ጥያቄ ሲጠይቀኝ ደስታዬ ወሰን ስለሌለው ያልተጠየቅሁትንም ጨምሬ እመልስ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት የሸክላ ማጫወቻ ነበረችው። ስትዘጋ ሻንጣ ትመስላለች። ለበዓልና ለሰልፍ የሚሆኑ መዝሙሮች በትንንሾቹ ሸክላዎች ይላኩልን ነበርና ዳይሬክተሩ የማጫወቻዋን ኃላፊነት ለእኔ ሰጡኝ። በመጀመሪያው ቀን ደንብ አወጣሁላት። ከጎኗ ፍጥነት የምትቀይር ትንሽ ዘንግ አለች። ተማሪዎች ዘንጓን እየነካኩ መዝሙሩን ሲያንጫጩትና ሲያጓትቱት ስላየሁ፣ ለትንንሾቹ ሸክላዎች የሚስማማው ቦታ ላይ አድርጌ፣ ከክሊኒክ በለመንኩት ፕላስተር ለጠፍኳት። በላዩም በቀይ እስክሪብቶ «አይነካም» ብዬ ጻፍኩ። በዚህ ሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደሴ ወጥቼ ሳለ፣ የሚዘጋ አንድ ቡና ቤት ዕቃውን በር ላይ አውጥቶ ሲሸጥ አገኘሁ። ከብርጭቆዎቹና ከወንበሮቹ መሐል በትልቅ ልባስ የተሸፈነ አንድ ትልቅ ሸክላ ነበር። ልባሱ ላይ አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ረዥም ጥቁር ክላርኔት ይነፋል። ከኋላው ነጭ ኮት የለበሱ አሥራ አራት ሙዚቀኞች በሦስት ረድፍ ተቀምጠዋል። ረድፋቸው ቀጥ ያለ መሆኑ ደስ አሰኘኝ፤ ገዛሁት።

ከልባሱ ጀርባ በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል። መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ቀን አነበብኩት። ሙዚቃው ስዊንግ የሚባል የጃዝ ዓይነት መሆኑን፣ ሰው የሚጨፍርበት እንደሆነ፣ የሙዚቃ ጓዱን የሚመራው ክላርኔት ነፊው መሆኑን፣ ክላርኔት አፉ ላይ ቀጭን የሸምበቆ ምላስ እንዳለው ተማርኩ። እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሳይቀር ተጽፎ ነበር፤ ያንንም አንብቤያለሁ። ሸክላው መሐል ላይ ባለው ክብ ወረቀት የታተመውን ሠላሳ ሦስት ቁጥር ግን የሸክላው መለያ ቁጥር መስሎኝ አለፍኩት። የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ይህን አትርሱብኝ።

ዳይሬክተሩ ሸክላውን ሲያዩ ልባሱን ገለባብጠው፣

«ይኼ የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ አይደለም ወይ?» አሉኝ። ጊዜው እንዲህ የሚያስጠይቅ ነበር።

ምክንያቶች አዘጋጅቼ ነበር። ጃዝ የጭቁን ጥቁር ሠራተኞች ልጅ መሆኑን፣ ቀኑን ሙሉ የለፋ ሰው ድካሙን የሚያራግፍበት እንደሆነ ዘረዘርኩ። ሦስተኛው ምክንያት ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«በቃ፣ በቃ። አንተ ስታስረዳ ሰው ይደክመዋል። አሰማቸው፤ ስብከቱን ግን አሳጥረው።»

ሐሙስ ሐሙስ የጎልማሶቹ ትምህርት ሲያልቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ለሙዚቃ መደብኩ። ትልቁን ሸክላ ማጫወቻዋ ላይ አስቀምጬ መርፌዋን አሳረፍኩ። ክላርኔቱ እንደ ወፍ ጮኸ፤ ድራሙ ይጣደፋል፤ ትራምፔቶቹ ይንጫጫሉ። ስዊንግ ሰምቼ ስለማላውቅ ስዊንግ ማለት ይኼ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ባሕርያቱ፦ ፍጥነት፣ ደስታ፣ ቀጭን ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን ሦስተኛ ዘፈን ደግሞ ለይቼ የሠርግ ጨዋታ ነው አልኳቸው። «ስሙት፣ ሙሽራዋ ስትመጣ ሚዜዎቹ ሲሯሯጡ» እያልኩ በጠመኔው አየር ላይ አሳያቸው ነበር።

ከሠላሳ አንድ ተማሪዎቼ መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አገራቸው ከውጫሌ ወዲያ ያለ የአምባሰል መንደር ሲሆን ሐይቅ የተዳረች ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ ሙስሊም ገበሬ ናቸው። ዋሽንት ይነፋሉ። አራት ዋሽንት በአንድ የቆዳ ከረጢት ይዘው ነው የሚንቀሳቀሱት። ዋሽንትን ለማያውቅ ላስረዳ፤ እንደ ክራር ጅማቱን አጥብቆ አላልቶ መቃኘት የለም። የድምፁ ከፍታ በሸምበቆው ርዝመት ይወሰናል። ስለዚህ ነፊ ከሌላ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ከረጢቱን ከፍቶ፣ የሚገጥመውን መርጦ ያወጣል።

የትምህርቱ መዝጊያ ቀን የምስክር ወረቀት ሲሰጥ፣ መክፈቻው ላይ የአምባሰልን ቅኝት በዋሽንት እንዲጫወቱ ጠይቄያቸው ነበር። ስጠይቃቸው፣

«ሰዉ ተቀምጦ ነው የሚሰማው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ።»

«ሳይበላ? ሳይጨፍር?»

«ዝም ብሎ ነው የሚሰማዎት አባባ።»

«ወላሂ፣ አርባ ዓመት ስነፋ ዝም ብሎ የሰማኝ ሰው የለም። ሠርግ ላይ ያላምጣሉ፣ ደቦ ላይ ያጭዳሉ። አንድ ቀን ዝም ብሎ የሚሰማኝ ሰው ፊት ብነፋ እወድ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከክፍል ቀርተው አያውቁም።

ሸክላውን በሰሙበት በመጀመሪያው ሐሙስ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። ሲያልቅ እጃቸውን አወጡ፤ እጅ ማውጣት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

«መምህሬ፣ ይኼ ሰውዬ አይተነፍስም።»

«ይተነፍሳል አባባ፣ ሥልጠና አለው።»

«የት ላይ ነው የሚተነፍሰው? ሦስቴ አብሬው ትንፋሽ ልወስድ አልኩ፣ ሦስቴም ጥሎኝ ሄደ። እንዲህ የሚነፋ ሰው ደረት የለውም።»

ከኋላ የተቀመጡት ሽንኩርት ነጋዴ ሴትዮ ጣልቃ ገቡ። ክፍሉን የሚያስቁት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው።

«ፈረንጅ በጆሮው ይተነፍስ ይሆናላ፣ አባባ!»

ሳቅ ሆነ። ሽማግሌውም ሳቁ። ከዚያ ከረጢታቸውን ከፍተው አጭሩን ዋሽንት አወጡና ከሸክላው ጋር ሊያስተካክሉት ሞከሩ፤ አልደረሰም። የሸክላው ድምፅ ከአጭሩ ዋሽንትም በላይ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ አስረዳኋቸው፤ ክላርኔት ብዙ ቁልፎች አሉት፣ ዋሽንት አራት ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ አይደርስበትም ብዬ ሰሌዳው ላይ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ሣልኩላቸው። ለመክፈቻው የሚነፉትንም ትንሽ በስዊንግ መንገድ ቢያፋጥኑት ዘመናዊ ይሆናል አልኳቸው።

«አምባሰልን?» አሉ። «አምባሰል ዳገት ነው ልጄ። ዳገት ላይ ማን ይሮጣል?»

እኔም «ያድጋል፣ ይሻሻላል» አልኩ። ፊደል ሲሳሳቱ ደብተራቸውን በቀይ እስክሪብቶ አርም ስለነበር፣ ሙዚቃቸውንም ማረም ሥራዬ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያ ሐሙስ መጣ። የባትሪ ድንጋዮቹ ማርጀታቸውን አውቅ ነበር፤ አዲስ እስኪመጣ ድረስ በፀሐይ እያሞቅሁ ነበር የምጠቀምባቸው። በሁለተኛው ገጽ ያለውን ሦስተኛ ዘፈን፣ «ሠርጉን»፣ አስጀመርኩ። እንደተለመደው ጮኸ። አንድ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ሸክላው መድከም ጀመረ። ክላርኔቱ ከነበረበት ከፍታ ቀስ እያለ ወረደ። ድራሙ ረጋ አለ። እኔ ማጫወቻዋን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ ከመሐል ረድፍ የዋሽንት ድምፅ ተሰማ።

ሽማግሌው ረዥሙን ዋሽንት አውጥተው ነበር። ዓይናቸው ተጨፍኗል። የክላርኔቱን መንገድ እግር በእግር እየተከተሉ፣ እሱ ሲያርፍ እያረፉ፣ እሱ ሲያነሣ እያነሡ ይነፋሉ። ሁለቱ ድምፆች ለጥቂት ጊዜ ተያያዙ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አሁን ሳስበው፣ ዝም ብሎ የሚሰማቸው ሰው ፊት ሲነፉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነበር፤ አንድ ደቂቃም አይሞላ።

ከዚያ ዋሽንቱን ከአፋቸው አንሥተው፣ ፊታቸው በርቶ፣

«መጣ! አሁን ሰው ሆነ! ሰማችሁት፣ አሁን ተነፈሰ! መምህሬ፣ እንዲህ ተወው፣ አትንካው» አሉኝ።

እኔም፣ ፈገግ ብዬ፣ ለክፍሉ ዞሬ፣

«አባባ፣ ሰውየው ደህና ነው። የሞተው ባትሪው ነው» አልኩ።

ሽንኩርት ነጋዴዋ አላሳለፉትም። «ውይ! አባባ ሬሳ እያጀቡ ነው እንዴ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አግዳሚውን የሚመታ ነበር። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅኩና፣ ሥራዬን መጨረስ ስላለብኝ፣ ባትሪ ሲደክም ሸክላው ለምን እንደሚዘገይ፣ ሲዘገይ ድምፁ ለምን እንደሚወፍር፣ ያልሠለጠነ ጆሮ ጉድለትን እንዴት ውበት አድርጎ ሊሰማው እንደሚችል አስረዳሁ። «ያልሠለጠነ ጆሮ» የሚለውን ቃል የተጠቀምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ዋሽንቱን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ከረጢቱ ውስጥ አስገቡና አፉን በጠፍሩ ሁለት ጊዜ አሰሩት።

«እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል» አሉ።

በሚቀጥለው ቀን አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። ልጃቸውን መንገድ ላይ ሳገኛት፣ ወደ ወንድሟ ዘንድ ወደ ውጫሌ መሄዳቸውን ነገረችኝ። «ምን ሆነው ነው?» ብላት፣ «እኔንጃ፣ አባቴ ዋሽንቱን ቆጥ ላይ ሰቅሎታል ይሉኛል፤ ለሠርግ ቢጠሩትም ጆሮዬ አልሠለጠነም ይላል» አለችኝ። የራሴን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማ ትንሽ ደነገጥኩ። ያም ሆኖ ሽማግሌ አኩራፊ ነው ብዬ ለራሴ አስረድቼ አለፍኩት።

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። ዋሽንት ስላልነበረ መክፈቻው ላይ ከአውራጃ የተላከልን አዲስ የመዝሙር ሸክላ እንዲሰማ ተወሰነ። ትልቅ ሸክላ ነበር። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከተትኩ። የቀበሌ ሰዎች፣ ዳይሬክተሩ፣ ሠላሳ ተማሪዎቼ ከነቤተሰባቸው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። መርፌዋን አሳረፍኩ።

የጎልማሳ ወንዶች መዘምራን ይሆናሉ የተባሉት እንደ ጫጩት ጮኹ። ሰዉ መጀመሪያ ፈራ፤ አብዮታዊ መዝሙር ነውና መሳቅ አይገባም። ሽንኩርት ነጋዴዋ ናቸው ያልቻሉት። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ ሳቀ።

ዳይሬክተሩ እየቸኮሉ መጡ። «አይነካም» የሚለውን ፕላስተር በጥፍራቸው ላጡት። ዘንጓን ወደ ታች ገፋ አደረጓት። መዘምራኑ ወዲያው ወንድ ሆኑ፤ ድምፃቸው ወፍሮ፣ ረግቶ፣ በልክ ተቀመጠ።

«ትልቁ ሸክላ በሠላሳ ሦስት ነው የሚዞረው፤ ትንሹ ነው በአርባ አምስት» አሉኝ ጠጋ ብለው። «አታውቅም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አልኩ። «ረስቼው ነው።»

ዋሸሁ። መዝሙሩ ሲሄድ እኔ የምሰማው ሌላ ነገር ነበር። ባትሪው ሲደክም የወረደውን ክላርኔት፣ ከጎኑ የገባውን ረዥም ዋሽንት፣ «አሁን ሰው ሆነ» የሚለውን ድምፅ እሰማ ነበር። ጭንቅላቴ ሳልፈልግ ማስላት ጀመረ። አርባ አምስት ለሠላሳ ሦስት። አራት ደቂቃ የሚፈጀውን ዘፈን ሦስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ስጨርሰው ከርሜያለሁ። ባትሪው ሲሞት፣ ሸክላው ለጥቂት ጊዜ ትክክለኛው ፍጥነቱ ላይ አርፎ ነበር። ያን ጊዜ ያወቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኔ የማፍረው በዚህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ሸክላ በተሳሳተ ፍጥነት ማጫወት ወንጀል አይደለም። የማፍረው ቀጥሎ ባደረግሁት ነው። መዝሙሩ አለቀ፤ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ያን ሐሙስ የሳቁት ሠላሳዎቹም ከፊቴ ተቀምጠዋል፣ አሁንም በጫጩቶቹ መዝሙር ፊታቸው እንደሳቀ ነው። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። የሽማግሌው ስም አሥራ ሰባተኛ ነበር። ወደዚያ ቁጥር ስቃረብ ልናገር፣ ልናገር እያልኩ ነበር። ዳይሬክተሩ ከጎኔ ቆመዋል፤ «አውቃለሁ» ብያቸዋለሁ። ስማቸውን ጠራሁ። ማንም አልተነሣም።

«የሉም» አልኩና ወደ አሥራ ስምንተኛው አለፍኩ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ገባሁና ያን ዘፈን በትክክለኛው ፍጥነት አጫወትኩት። ሠርግ አልነበረም። ክላርኔቱ ዝቅ ብሎ፣ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው ይጀምራል። ሌሎቹ ከኋላው በቀስታ ይከተሉታል። ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል፤ በግልጽ ይሰማል። ሚዜ የለም፣ የሚሯሯጥ የለም። አንድ የደከመው ሰው አለ፣ ደረት ያለው ሰው።

ከዚያም በኋላ ወዲያው አልሄድኩም። ሁለት እሑድ በምክንያት አለፈ፤ አንዱን የፈተና ወረቀት ማረም አለብኝ ብዬ፣ ሁለተኛውን ዝናብ ነው ብዬ። በሦስተኛው እሑድ ማጫወቻዋን፣ ሸክላውንና የምስክር ወረቀቱን ይዤ ውጫሌ ድረስ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ ከዚያ እየጠየቅሁ በእግሬ ወጣሁ። ዳገት ነበር። ማጫወቻዋ ከባድ ስለሆነች በየመታጠፊያው እያረፍኩ ነው የወጣሁት።

ሽማግሌው ደጅ ተቀምጠው የንብ ቀፎ ይመርጋሉ። ሲያዩኝ እጃቸውን በሣር ጠርገው ተነሡ።

«መምህሬ! አላህ ያክብርህ፣ እዚህ ድረስ ለፋህ?»

የምስክር ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ሳይሳሳቱ ነው ያነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው ማጫወቻዋን አዩ።

«እሷስ? እሷንም ልታስመርቅ ነው?»

«አባባ፣ አፉ ይበሉኝ» አልኩ። በዚያ አገር ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ስለ ዘንጓ፣ ስለ ፕላስተሩ፣ ስለ ሠላሳ ሦስትና አርባ አምስት ማስረዳት ጀመርኩ። በመሐል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። እኔም መርፌዋን አሳረፍኩ።

ክላርኔቱ ጀመረ። ቀፎው ላይ ክንዳቸውን አሳርፈው ሰሙ። ነፊው ትንፋሽ ሲወስድ የእሳቸውም ደረት አብሮ ከፍ ይላል፤ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ የሚያዩት ከፊታቸው ያለውን ገደል ነበር። ከረጢቱ ከበሩ ውስጥ፣ ቆጡ ላይ ተሰቅሎ ይታየኛል። አሁን ይነሣሉ፣ አሁን ያወርዱታል እያልኩ ጠበቅሁ። ዘፈኑ አለቀ።

«ጥሩ ሰው ነው» አሉ። «የቀበረው ሰው ሳይኖር አይቀርም።»

ቆይተው ደግሞ፣ «እነሱስ ሰሙት?» አሉኝ።

«እነማን?»

«እነዚያ የሳቁት።»

መርፌዋን ከሸክላው ላይ አነሣሁ። ቀፎውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ጭቃውን ማለስለስ ጀመሩ።

«እንግዲያ ለእኔ ምን ብለህ ታሰማኛለህ ልጄ? እኔማ ያን ለት ሰምቼዋለሁ።»

በቁጣ አላሉትም። እርጎ አስመጡልኝ፤ ወንድ ልጃቸው ማጫወቻዋን ተሸክሞ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ግን ሸክሜ ከአመጣጤ ይልቅ የከበደ መሰለኝ።

በሚቀጥለው የሐይቅ ገበያ ቀን ማጫወቻዋን ይዤ ወደ ሽንኩርት ነጋዴዋ ሄድኩ። የሽንኩርት ጆንያቸው ላይ እንዳስቀምጣት ለመንኳቸው።

«ምነው መምህር፣ ንግድ ጀመርክ ወይ? ፈቃድ አለህ?»

«ላሰማችሁ ነው። አብረውን የተማሩትን ይጥሩልኝ።»

ጮኸው ጠሩ። ጨው የሚሸጡት መጡ፤ በግ ሊሸጡ የመጡ ሁለት ገበሬዎች መጡ፤ ሌላም ሰው ተጨመረ። ማስረዳት ስጀምር ሴትዮዋ አቋረጡኝ።

«አሳጥረው ጃል፣ ሰው ገበያ ላይ ነው።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምክንያትና ያለ ምሳሌ ተናገርኩ። «ያን ለት አባባ ልክ ነበሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይኸው ስሙት» አልኩ። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩ።

ሸክላው ዞረ። አንዱ ገበሬ፣ «የቱን ለት ነው የሚለው?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ፤ ረስቶታል። ሌላው በጉን እያየ ቆየና ሄደ። ሽንኩርት ነጋዴዋ ግን አልረሱም። ሽንኩርት የያዘ እጃቸው ቆመ።

«ይኼ ነው እንዴ ያ ሬሳ ያልኩት?» አሉ። ሲያልቅ፣ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ከውጫሌ ጤፍ የሚያመጡ ነጋዴዎችን ጠርተው፣ «ለአባባ ንገሩልኝ፤ ያቺ ሽንኩርት ሻጭ ሰምታዋለች በሏቸው» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ማጫወቻዋን ማምጣት ልማድ ሆነብኝ። የስም መጥሪያዬን ይዤ፣ ያልሰሙትን እየፈለግሁ። ሁሉንም አላገኘሁም። የዘመቱ ነበሩ፣ ከቀበሌ ቀበሌ የተዛወሩ ነበሩ፣ አንዷ ሞታለች።

አራተኛው ወይም አምስተኛው ገበያ ላይ፣ ሸክላው እየዞረ ሳለ ከሰዉ ኋላ ሽማግሌው ቆመው አየኋቸው። ከረጢቱ ትከሻቸው ላይ ነበር። ሴትዮዋም አይተዋቸው ነበርና ገበያተኛውን «ዝም በሉ! ዝም በሉ እንጂ!» ብለው ተቆጡ። ገበያ ግን ዝም አይልም። በግ ይጮኻል፣ ሰው ይከራከራል። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ። ከረጢቱን አልከፈቱም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ማጫወቻዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት።

«አብሽር፣ አይዞህ መምህሬ» አሉኝ። «ዛሬ ባትሪው ደህና ነው።»

ሴትዮዋ ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ይቅር ብለውኛል ብዬ አምናለሁ። ዝም ብሎ የሚሰማቸው ሰው ፊት ግን ከዚያ ወዲህ ነፍተው እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ቀን ክፍሉ ጸጥ ብሎላቸው ነበር፣ ያንን ቀን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

አሁንም አስተማሪ ነኝ፤ አሁንም ማስረዳት እወዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ክላርኔትም ይሁን ዋሽንት፣ ሰው በትንፋሹ የሚጫወተውን አንድ ሙዚቃ ከፍታችሁ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉና ከነፊው ጋር አብራችሁ ተንፍሱ። ሲስብ ሳቡ፣ ሲያወጣ አውጡ። ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ምን እንደሰማ ጠይቁትና መልሱን እስኪጨርስ ዝም በሉ። እስቲ ሞክሩት።